ረይሃና ያላደረሰችው ቃል

አዲሱ ገበያ አካባቢ ክፉ ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያልፈው በረይሃና ቡሽራ በኩል ነው። ሰው ሞቶ ከሆነ የሟቹ ቤተሰብ ሳይሰማ ለእሷ ይነገራታል። መቼ እንደሚረዳ፣ ማን እንደሚያረዳ፣ ማን አጠገብ እንደሚቀመጥ የምትወስነው እሷ ናት። ማንም አልሾማትም። ይህን ሥራ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅበት ሰው በሰፈራችን ስለሌለ ሹመት አላስፈለጋትም።

የራሷ ሕግ አላት። ሰው በባዶ ሆዱ መርዶ አይሰማም። ስልኩ አስቀድሞ ከእጁ ይወጣል፤ “አምጣ ቻርጅ ላድርግልህ” ትልና ወስዳ ታጠፋዋለች። የሽሮ ሜዳዋ ጨርቅ ሻጭ ዓለሜ ወንድሟ ጨንቻ ላይ ሲሞት፣ ረይሃና ቀኑን ሙሉ አብራት ዋለች፤ አሳቀቻት፣ ምሳ አበላቻት፣ አብራት አደረች። ሽማግሌዎቹን በሩ ላይ ያቆመቻቸው ጎህ ሲቀድ ነው። ዓለሜ እስከ ዛሬ፣ “እንደዚያ ባታደርግልኝ ልቤ ቀጥ ይል ነበር” ትላለች። የወንድሟ ሬሳ ሳይነሣ ስትስቅ መዋሏን ሳስበው እኔን ቅር ይለኛል። ግን ባለ ሐዘኗን ቅር ካላላት እኔ ጎረቤቷ ምን አገባኝ?

ረይሃና አርባ ሊሞላት ጥቂት ነው የቀራት። አላገባችም። “የሰው ሰርግ ሳስተባብር የራሴ አመለጠኝ” እያለች ትቀልዳለች፤ ቀልዱን የሰማ ሁሉ ይስቃል፣ እሷ ግን ቶሎ ወደ ሌላ ወሬ ታልፋለች። እናቷ ቶይባ ካረፉ ወዲህ ቤቱንም ሱቁንም የያዘችው እሷ ናት። ሱቁ የስፖንጅ ፍራሽና የብርድ ልብስ ሱቅ ነው። አባቷ ጋሽ ቡሽራ በወጣትነታቸው ከስልጤ መጥተው፣ እዚያችው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ያረጁ ነጋዴ ናቸው። አንድ ነገር ሲነግሯቸው ሦስት ጥያቄ ይጠይቃሉ። ወንድሟ ሙንዲር ደግሞ ምንም አይጠይቅም፣ መጀመሪያ ይቆጣል።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ የጋሽ ቡሽራ ዓይን ቢጫ ሆነ። የወፍ በሽታ ነው ተባለ። ያወቀም ያላወቀም መድኃኒት አዘዘ፤ ሥር ተቀጠቀጠ፣ ቅጠል ተጨመቀ፣ እሳቸውም የተሰጣቸውን ሁሉ ጠጡ። ቢጫው ወደ ቆዳቸው ወረደ፤ ገላቸውን ሌት ተቀን ያሳክካቸው ጀመር። በመጨረሻ ሙንዲር መኪናው ውስጥ አስገብቶ ሆስፒታል ወሰዳቸው።

እዚያ የተቀበላቸው ዶክተር ዘርዓብሩክ የሚባል የቀዶ ጥገና ሐኪም ነው። ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሲናገር የሰው ዓይን ዓይን የሚያይ ነው። ከምርመራው በኋላ ሙንዲርን ወደ ኮሪደር አወጣውና ነገረው። ቆሽታቸው ራስ ላይ ዕጢ አለ፤ ዕጢው የሐሞት ቱቦውን ተጭኖ ዘግቶታል፤ ካንሰር ሳይሆን አይቀርም፤ ገና ስላልተሠራጨ ግን በቀዶ ጥገና ሊወጣ ይችላል። እኛ ሰፈር ቆሽት በንዴት የሚያርር ነገር እንጂ የሚታመም መሆኑን የሚያውቅ አልነበረም።

ሙንዲር ያን ዕለት ማታ ለእህቱ ነገራት። ረይሃና አላለቀሰችም፤ ወዲያው ሥራዋን ጀመረች።

“አባ አይሰማም፤” አለች። “የሐሞት ጠጠር ነው እንላለን።”

“ቀዶ ጥገናውስ?”

“ጠጠርም በቀዶ ጥገና ነው የሚወጣው። ካንሰር ካልነው ግን አልጋ ይይዝብናል። ‘የሚገድለኝ በሽታ ከሆነ ቤቴ ልሙት’ ይላል። አባቴን አላውቀውም እንዴ?”

ሙንዲር ተመልሶ ሄዶ ሐኪሙን ለመነ። ዶክተር ዘርዓብሩክ ደስ አላለውም። “ራሳቸው ከጠየቁኝ አልዋሻቸውም፤” አለ። “ካልጠየቁኝ ግን ዝም እላለሁ።” ጋሽ ቡሽራም አልጠየቁም። ሦስት ጥያቄ የሚጠይቁት ሰው ልጃቸው የነገረቻቸውን አምነው ተቀመጡ። ሳምንት ሳይሞላ ከፍራሽ ተሸካሚው እስከ መስጊዱ በር ጠባቂ ድረስ ሰው ሁሉ ካንሰር መሆኑን ሰማ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ያልሰሙት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ሲቲ ስካን ታዘዘ፤ በአንድ የግል ምርመራ ቤት ተነሡ። ውጤቱን ልትወስድ የሄደችው ረይሃና ናት። ምስሉን ያነበበችው ሐኪም ዶክተር አዲሳለም ጽሑፉን ልታትም ስትል ረይሃና ቶሎ ብላ፣ “ፊልሙን ብቻ ስጡኝ፤ ጽሑፉ ይቅርብኝ” አለቻት።

“ያለ ጽሑፍ አይሰጥም፣ እህቴ። ሐኪሙ የሚሠራው እኮ በእሱ ነው።”

“አባቴ እንግሊዝኛ ያነባል። ፖስታ ካየ ደግሞ ይከፍታል። ወረቀቱ ላይ ያ ነገር ተጽፎ ካየ ገደልኩት ማለት ነው። በእናትሽ፣ አንቺም አባት ይኖርሻል።”

ዶክተር አዲሳለም እጇን ከማተሚያው ላይ አነሣች። እሷም የዚሁ አገር ልጅ ናትና ገባት። “ይሁን፤” አለች በመጨረሻ፣ “ግን በአፍሽ የምታደርሺው ነገር አለ። ነይ እዚህ።” ወደ ኮምፒውተሩ ጠርታ አሳየቻት። “የጉበት ደም ሥር በአብዛኛው ሰው ከላይ ነው የሚመጣው፤ አንድ ሆኖ መጥቶ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይከፈላል። የአባትሽ የቀኙ እንደዚያ አይደለም። ከታች፣ ከአንጀቱ ደም ሥር ይነሣና በቆሽቱ ጀርባ አልፎ በሐሞት ቱቦው ኋላ ወደ ጉበት ይገባል። በሽታ አይደለም፤ ሲፈጠሩም እንዲሁ ናቸው። ሐኪሙ አስቀድሞ ካወቀ ይጠነቀቅለታል። ካላወቀ ግን ዕጢውን ሲያወጣ አብሮ ሊቆርጠው ይችላል። ያኔ ጉበታቸው ይጎዳል። ለሐኪሙ በቃልሽ ንገሪው፣ ይደውልልኝ በዪው። እስኪ ድገሚልኝ።”

ረይሃና አንድ ቃል ሳታዛንፍ ደገመችላት። “አይዞሽ፤” አለቻት፤ “ቃል ተሸክሜ ጥዬ አላውቅም።” ይህም እውነት ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ቡሽራ እኔም ገብቼ ልስማ ብለው ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ። ዶክተር ዘርዓብሩክ ፊልሙን መስኮቱ ላይ አንሥቶ ረጅም ጊዜ አየው። “ጽሑፉስ?” አለ።

“ይደርሳል ብለዋል፤” አለች ረይሃና። የመጀመሪያው ውሸት ቀላል ነበር።

“እሺ። ያነበበው ሐኪም በቃል የነገራችሁ ነገር አለ? ማወቅ ያለብኝ ነገር?”

ጋሽ ቡሽራ ቢጫ ዓይናቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ግን እንዴት ይጀመራል? ዕጢውን ሲያወጣ ብላ ልትጀምር ነው? ዕጢ የሚለውን ትታ ስለ ደም ሥሩ ብቻ ብትናገር አባቷ፣ ‘ለጠጠር የጉበት ደም ሥር ምን ያደርጋል?’ ይላሉ፤ ከዚያ ሁለተኛውን ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ሦስተኛውን። ይህን ሁሉ ያሰበችው አንድ ትንፋሽ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው።

“የለም፤” አለች። “ሁሉም ደህና ነው ብለዋል።”

ስትወጣ ተመልሳ ልትገባ አስባ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ግን አባቷን አጥወለወላቸው፤ ደግፋ መኪና ውስጥ እስክታስገባቸው ሐኪሙ ወደ ሌላ ክፍል ሄዷል። በማግስቱ ብቻዋን ተመለሰች። “ቀዶ ጥገና ላይ ናቸው፣ መልእክት ካለሽ ለእኔ ተይው” አለቻት አንዲት ነርስ። ረይሃና ነርሷን አየቻት። ወጣት ናት፣ ድምፅዋ ትልቅ ነው። ይቺ ልጅ አልጋው አጠገብ ቆማ ያንን የበሽታ ስም ጮክ ብላ ስትጠራው ታያት። “ግድ የለም፣ እመለሳለሁ” ብላ ወጣች። አልተመለሰችም። ታክሲ ውስጥ ሆና ራሷን አጽናናች፤ ሆዱን ከፍቶ በዓይኑ የሚያይ ሰው ምን ይነገረዋል? እኔ ፍራሽ ሻጭ ለቀዶ ሐኪም ደም ሥር ላሳየው ነው? ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው።

የቀዶ ጥገናው ዕለት ጠዋት የገቡት ጋሽ ቡሽራ መግሪብ ሲቃረብም አልወጡም። በኋላ ዶክተር ዘርዓብሩክ ብቻውን መጣ። ቆቡን አውልቆ በእጁ ጨብጦታል። ሙንዲርና ረይሃና ተነሡ።

“በሕይወት አሉ፤” አለ መጀመሪያ። “ዕጢውን አውጥተነዋል። ግን ልነግራችሁ የሚገባ ነገር አለ። የሐሞት ቱቦውን ስቆርጥ ከኋላው ያልጠበቅሁት ደም ሥር ነበር። አብሮ ተቆረጠ። የጉበታቸው ቀኝ ጎን ዓይናችን እያየ ጠቆረ። ሌላውን ሥራ አቁመን ጫፍና ጫፉን መልሰን ሰፋነው። ደሙ ተመልሷል፣ ትርታውን በጣቴ ዳስሼዋለሁ። ቢሆንም የተጎዳ ቦታ ሊኖር ይችላል፤ የሚመጡት ቀናት ከባድ ናቸው።” ትንፋሽ ወሰደ። “እንዲህ ዓይነት ደም ሥር ያላቸው ሰዎች አሉ። ከመቁረጤ በፊት መለየት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ።”

ሙንዲር እስከዚያች ደቂቃ እርስዎ ይለው የነበረውን ሐኪም አንተ አለው።

“ዓይንህ የት ነበር? የሰው አባት መማሪያህ ነው? ማን ነው ቢላዋ የሰጠህ?”

ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ዞሮ አየ። ጽዳት የምትሠራው ሴት መወልወሏን አቆመች። ዶክተር ዘርዓብሩክ አንገቱን ደፍቶ የተባለውን ሁሉ ተቀበለ። “ልክ ነህ” ብቻ አለ።

ረይሃና ከወንድሟ ኋላ ቆማለች። ጆሮዋ ጋለ። ያ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው እሷን ነበር። ‘ተው፣ ሙንዲር፣ ተው’ ማለት ነበረባት፤ አፏ ግን አልከፈት አለ። አፈረች፤ ማፈሯ ደግሞ የበለጠ ዝም አስባላት። ሻርፗን እስከ አገጯ ሳበችና ግድግዳውን ስታይ ቆየች።

ጋሽ ቡሽራ ሆስፒታል ሰነበቱ። ትኩሳት ያዛቸው፤ ጉበታቸው ውስጥ መግል ቋጥሮ በጎናቸው ቱቦ ገባላቸው። ዶክተር ዘርዓብሩክ ተረኛ ባልሆነበት ቀን ሳይቀር እየመጣ ቁስሉን ራሱ ያጥባል። እሳቸው ግን ሰላምታውን አይመልሱለትም። ሙንዲር ሁሉንም ነግሯቸዋል፤ ዕጢ ከምትለዋ በቀር። እናም እሳቸው የሚያውቁት ጠጠር ሊያወጡ መግባታቸውን ነው። “ጠጠር አውጣ ቢሉት ደም ሥር ቆረጠ፤” ይላሉ ለጠያቂ ሁሉ። “ይኼ እንኳን ሆድ፣ ጠጅ ሣርም አይቆርጥ።” ጠያቂው ይስቃል። የልጆቻቸው ውሸት ያን የተጨነቀ ሐኪም በሰው ፊት መሳቂያ አደረገው።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ኑሪ ሙዝና ጭማቂ ይዞ መጣ። ታሪኩን ሲሰማ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ፣ “ያ ረቢ፣ እጁን ቁረጠው!” ብሎ ረገመ። ረይሃና ጭማቂውን እየቀዳች፣ በልማድ፣ “አሚን” አለች። ካለች በኋላ ነው የሰማችው። ብርጭቆውን አስቀምጣ መታጠቢያ ቤት ገባችና አፏን በውኃ ደጋግማ ተጉመጠመጠች። ወጥታም ቀና ብላ ኑሪን ማየት አቃታት። ኑሪ ግን ስለ አባቷ ተጨንቃ እንደሆነ አስቦ “አይዞሽ” አላት።

ጋሽ ቡሽራ ከተሻላቸውና ቤት ከገቡ በኋላ፣ ሙንዲር አቤቱታ አቀረበ። ሆስፒታሉ ቤተሰቡንና ሐኪሙን አንድ ላይ ጠራ። በዚያ መሐል ለክትትል ሲሄዱ ነርሷ፣ ያቺ ባለ ትልቅ ድምፅ፣ ለረይሃና በሹክሹክታ ነገረቻት፤ ነገሩ እስኪጣራ ዶክተሩ ቀዶ ጥገና እንዳይሠራ ተከልክሏል። “ራሱም እጄ ይንቀጠቀጣል ብሏል” አለቻት። ረይሃና ያን ሌሊት አልተኛችም።

“የሚናገር ማን ነው?” አለ ሙንዲር በስብሰባው ዕለት ማለዳ።

“ረይሃና ናታ፤” አሉ ጋሽ ቡሽራ። “የዚህ ቤት አፍ እሷ አይደለችም እንዴ? እኔ በቀል አልፈልግም። ነገ ሌላውን እንዳይቆርጥ ነው።” ከስተዋል፣ ሱሪያቸው በቀበቶ ተጠፍሮ ነው የቆመው። ዓይናቸው ግን ነጭ ሆኗል።

የስብሰባው ክፍል ጠባብ ነው። ከጠረጴዛው ራስ የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ተቀምጠዋል፤ መነጽር ያደረጉ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። በአንዱ ወገን ዶክተር ዘርዓብሩክ፣ በሌላው ወገን አባትና ልጆች አሉ። ዳይሬክተሯ ወደ ሐኪሙ ዞሩ። “የሲቲው ጽሑፍ ሳይኖር ለምን ገባህ? ያነበበው ሐኪም ያለው ነገር እንዳለ ቤተሰቡን ጠይቀሃል?”

“ጽሑፉን ሳልጠብቅ መግባቴ ጥፋቴ ነው፤” አለ። “ዕጢ... ማለቴ በሽታው ጊዜ አይሰጥም ነበር። ቤተሰቡን መጠየቄን ግን...” ቆም አለ። ጣቶቹን አያቸው። “የጠየቅሁ ይመስለኛል። እርግጠኛ አይደለሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ የማስታውሰውንም ማመን አቅቶኛል።”

ረይሃና ከሁሉ ይልቅ ይህን አልቻለችም። ሥራውን ብቻ መስሏት ነበር የወሰደችበት፤ ለካ አእምሮውንም ወስዳበታለች።

“ጠይቀውኛል፤” አለች።

ሙንዲር ዞረ። “ምን?”

“ጠይቀውኛል። ያነበበችው ሐኪም ነግራኝ ነበር። ደም ሥሩ ከታች ነው የሚመጣው፣ ካላወቀ ይቆርጠዋል ብላ አስደግማ ላከችኝ። እሳቸው የነገሩሽ ነገር አለ ወይ ሲሉኝ የለም አልኩ። ጽሑፉንም አትስጡኝ ያልኩት እኔ ነኝ።”

“ለምን?” አሉ ጋሽ ቡሽራ።

“አጠገቤ ስለነበርክ ነው፣ አባ።”

“አጠገብሽ ብሆንስ?”

በእሷ ወግ ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር ጎህ ሲቀድ፣ በቤታቸው፣ ትልልቅ ሰዎች በግራና ቀኝ ተቀምጠው ይነገር ነበር። አሁን አባቷ የማያውቁት ቢሮ ውስጥ፣ ረፋድ ላይ፣ በባዕድ ሰው ፊት ነበሩ፤ የሚያቅፋቸው የለም፣ የሚያዘጋጃቸውም የለም።

“ጠጠር አልነበረም። ካንሰር ነው። እንዳትሰማ ብዬ ነው።”

ሙንዲር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጋሽ ቡሽራ ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩአት፤ ቁጣ ቢሆን ኖሮ ትችለው ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ሐኪሙ ዞሩ።

“እውነት ነው፣ ዶክተር?”

“እውነት ነው፣ አባት። ያየነውን አውጥተናል። ከዚህ በኋላ ደግሞ...”

እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት። “ቆይ። አላግባብ ስሰድብህ ከርሜያለሁ፤ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።”

“ጥፋቱ የእኔም ነው።”

“እሱን ከአላህ ጋር ተነጋገር። አሁን ብጠይቅህ ሁሉንም ትነግረኛለህ?”

“ከጠየቁኝ እነግርዎታለሁ።”

ጋሽ ቡሽራ ወደ ልጆቻቸው ሳይዞሩ፣ “እናንተ ውጡ” አሉ።

“አባ፣ እኔ ልቀመጥ፤ አጠገብህ ሰው...”

“ውጪ፣ ረይሃና።” ድምፃቸውን አላነሡም።

ኮሪደሩ ላይ ሙንዲር ከእሷ ርቆ ቆመ። ቆይቶ፣ “በዚያን ቀን ስጮህበት ኋላዬ ቆመሽ ነበር” አለ። መልስ ሳይጠብቅ መኪናውን ላቅርብ ብሎ ወረደ። ረይሃና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ከበሩ ወዲያ የሐኪሙ ዝግ ያለ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ የአባቷ አጭር ጥያቄ፤ ከዚያ ዝምታ፤ እንደገና ጥያቄ። ከሦስት በላይ ጠየቁ። የሰውን ወሬ ከባለቤቱ ቀድማ ስትሰማ የኖረች ሴት አንዲት ቃል እንኳ መለየት አልቻለችም። ጆሮዋን ወደ በሩ ልታስጠጋ ተነሣችና፣ አፍራ ተመልሳ ተቀመጠች።

በሩ ተከፈተ። ዶክተር ዘርዓብሩክ ክንዳቸውን ደግፎ እስከ ደፉ ድረስ ሸኛቸው፤ ለእሷም በአንገቱ ሰላምታ ሰጥቷት ተመለሰ። ጋሽ ቡሽራ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

“አባ፣ ምን አሉህ?”

ፈገግ አሉላት። መልካም ፈገግታ ነበር፤ ትከሻዋንም መታ መታ አደረጉላት።

“ምንም አይደል፣ ልጄ። ደህና ነው አሉኝ።”

ከዚያ ደረጃውን ይዘው ቀስ እያሉ መውረድ ጀመሩ። ረይሃና ከኋላቸው ተከተለቻቸው። እውነታቸውን ይሁን እሷን ሊያሳርፏት፣ አላወቀችም፤ ደግማ ለመጠየቅም ፊት አልነበራትም።